የሰሜን ብርሃን ምንድን ነው? በፎቶና በዓይንስ ለምን ይለያያል?

ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. (ሜይ 10 ቀን 2024) ምሽት ከሚኒሶታ እስከ ፍሎሪዳ፣ ከስኮትላንድ እስከ ጣሊያን የሰማዩ መልክ ተለወጠ። ሮዝ፣ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን በትልልቅ ከተሞች ላይ ሳይቀር ታየ፤ የሰሜን ብርሃን የሚባለው ይህ ነው። ማኅበራዊ ሚዲያው በፎቶ ተጥለቀለቀ። የዚያን ሌሊት ምድርን የመታው የመግነጢስ ማዕበል (የምድር መግነጢሳዊ መስክ በፀሐይ ምክንያት ሲናወጥ የሚፈጠረው) በአምስት ደረጃዎች ከሚከፈለው መለኪያ የመጨረሻውን ደረጃ የያዘ ነበር፤ እንዲህ ያለ ማዕበል ከኦክቶበር 2003 ወዲህ አልታየም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብርሃኑን በገዛ ዓይኑ ለማየት ወደ ሰሜን ኖርዌይ፣ ወደ ስዊድንና ወደ ፊንላንድ ትኬት የሚቆርጠው ሰው ብዙ ነው። ከሄዱት መካከል ቅር ብሏቸው የሚመለሱም አሉ። በውርጭ ውስጥ ሰዓታት ቆመው ያዩት እንደ ቀጭን ደመና ያለ ግራጫ ነገር ነው። አስጎብኚው "ያውላችሁ!" ይላል፤ ጎብኚው ምንም አይታየውም። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሲያነሳ ግን ያው ግራጫ ነገር አረንጓዴ ሆኖ ይወጣለታል። ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ? ሁለቱም እውነት ናቸው። እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ብርሃኑ ከየት እንደሚነሳ ማወቅ ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብርሃኑ ከየት ይመጣል?

ፀሐይ የምትልክልን ብርሃንና ሙቀት ብቻ አይደለም። ከውጫዊ ክፍሏ ያለማቋረጥ የሚፈስ ነገር አለ፤ የፀሐይ ነፋስ ይባላል። ነፋስ ይባል እንጂ አየር አይደለም። የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ በአብዛኛው ኤሌክትሮኖችና ፕሮቶኖች፣ በሰከንድ ከ300 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ሕዋው የሚበተኑበት ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፀሐይ በቢሊዮን የሚቆጠር ቶን የሚመዝን ቁስ በአንድ ጊዜ ትወረውራለች። ይህ ቁስ ወደ እኛ አቅጣጫ ከመጣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ በጣም ፈጣኑ ከአንድ ቀን በታችም ይበቃዋል። የግንቦቱ ማዕበል የተነሳው እንዲህ ያሉ በርካታ ውርወራዎች ተከታትለው በመድረሳቸው ነው።

ምድር ከዚህ ሁሉ የምትጠበቀው በመግነጢሳዊ መስኳ ነው። መስኩ የፀሐይን ነፋስ ወደ ጎንና ጎን ያሳልፈዋል። ነፋሱም በበኩሉ መስኩን በቀኑ በኩል ይጫነዋል፣ በሌሊቱ በኩል ደግሞ ወደ ኋላ ስቦ ረጅም ጅራት ያወጣለታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቅንጣቶቹ ከፀሐይ ተነስተው በዋልታዎቹ በኩል ቀጥ ብለው የሚወርዱ ይመስለዋል። ደማቁን ብርሃን የሚፈጥሩት ኤሌክትሮኖች ግን በአብዛኛው የሚመጡት ከኋላ፣ ከጅራቱ ነው። የተለጠጠው መስክ ኃይል ያጠራቅማል፤ ከመጠን በላይ ሲወጠር ይበጠስና እንደገና ይገጣጠማል። በዚያ ቅጽበት ኤሌክትሮኖቹ ወደ ምድር ይወረወራሉ፤ የመግነጢስ መስመሮቹን ተከትለውም ወደ ዋልታዎቹ አካባቢ ይወርዳሉ። ትልቁ ትርኢት በሌሊት፣ ብዙውን ጊዜም በእኩለ ሌሊት ግድም የሚሆነው ለዚህ ነው።

ኤሌክትሮኖቹ ከ100 እስከ 300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከሚያገኙት ስስ አየር ጋር ይጋጫሉ። የተመታው የኦክስጅን ወይም የናይትሮጅን ቅንጣት የተቀበለውን ኃይል መልሶ በብርሃን መልክ ያወጣል። በየሱቁ ማስታወቂያ ላይ የሚታየው ባለቀለም የኒዮን አምፖል የሚበራውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በውስጡ የታሸገው ስስ ጋዝ ይመታና ብርሃን ይሰጣል። ልዩነቱ የሰሜኑ አምፖል መስታወት የሌለው መሆኑና በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር መርዘሙ ነው።

ይህን ሐሳብ በሙከራ ለማሳየት ቀድሞ የተነሳው ኖርዌያዊው የፊዚክስ ሊቅ ክርስቲያን ቢርክላንድ ነው። በ1899 በሰሜን ኖርዌይ አልታ አጠገብ በሚገኘው የሃልደ ተራራ አናት ላይ የምልከታ ጣቢያ አሠራ። በቤተ ሙከራው ደግሞ አየሩ በተመጠጠ ሳጥን ውስጥ መግነጢስ የሆነች ትንሽ ሉል አስቀምጦ ኤሌክትሮን ሲለቅባት፣ በሉሏ ዋልታዎች ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ታየ። በሕይወት ዘመኑ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር። በምድርና በሕዋ መካከል የሚፈሰውን የኤሌክትሪክ ጅረት ሳተላይቶች የለኩት እሱ ካረፈ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ኋላ ላይ ኖርዌይ ምስሉን በ200 ክሮነር ኖቷ ላይ አትማዋለች።

ቀለሙ ለምን ይለያያል?

ቀለሙን የሚወስኑት የተመታው ጋዝ ዓይነትና ከፍታው ናቸው። በጣም የተለመደው አረንጓዴ ሲሆን የሚመጣው ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ኦክስጅን ነው። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ኦክስጅን ደግሞ ቀይ ይሰጣል።

ያው ጋዝ ሁለት ቀለም የሚሰጠው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ጊዜ ነው። የተመታ ኦክስጅን አረንጓዴ ብርሃኑን ለማውጣት አንድ ሰከንድ እንኳን አይፈጅበትም። ቀዩን ለማውጣት ግን ሁለት ደቂቃ ገደማ ያስፈልገዋል። ዝቅ ባለው ከፍታ አየሩ ጥቅጥቅ ስለሚል ያ ጊዜ ሳይሞላ ከሌላ ቅንጣት ጋር ይጋጭና ኃይሉን ሳያበራ ያጣዋል። ከፍ ባለው ስፍራ ግን የሚጋጨው ስለሌለ ሁለት ደቂቃውን ሳይነካ ይጨርሳል። በብርቱ ማዕበል ጊዜ እንደ መጋረጃ በተንጠለጠለው ብርሃን የታችኛው ጠርዝ ላይ የሚታየው ሮዝና ወይን ጠጅ የናይትሮጅን ነው።

ከዋልታው ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ቀይ ብቻ ያዩበት ምክንያትም ከዚሁ ይወጣል። አረንጓዴው ዝቅ ያለ በመሆኑ ከአድማስ በታች ይቀርባቸዋል፤ የሚደርሳቸው የመጋረጃው አናት ነው። በግንቦቱ ማዕበል በደቡቡ ንፍቀ ክበብ በናሚቢያ የነበሩ ካሜራዎች የመዘገቡትም ቀይ ብርሃን ነበር። በደቡብ ዋልታ ዙሪያ ያው ክስተት እንደሚደርስ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው።

ታዲያ በዓይን ሲታይ ለምን እንደ ፎቶው አይሆንም?

ዓይናችን ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉት። አንዱ ቀለም ይለያል፤ ነገር ግን በቂ ብርሃን ይፈልጋል። ሌላው በጨለማ ይሠራል፤ ቀለም ግን አያውቅም። ብርሃኑ ደካማ ሲሆን የምናየው በሁለተኛው ነው፤ ስለዚህ ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ይሆንብናል። ብርሃኑ እየበረታ ሲሄድ ቀለም ለዪዎቹ ይነቃሉ፤ አረንጓዴው ብቅ ይላል። የምሽት ዓይን ለቀይ ጨርሶ ደካማ ስለሆነ በፎቶ ደምቆ የሚታየው ቀይ በዓይን ከነመኖሩም ላይታወቅ ይችላል።

ካሜራው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ዓይን የሚሰበስበው ብርሃን የሰከንድ ቅንጣት ያህል ጊዜ ነው። ካሜራ አምስት ወይም አሥር ሰከንድ ሙሉ ያጠራቅማል። ስለዚህ ፎቶው ውሸት አይደለም፤ ቀለሙ በእርግጥ ሰማይ ላይ አለ፤ የማናየው ዓይናችን የሚደርስበት አቅም ስለሌለው ብቻ ነው።

ነገር ግን ካሜራውም የሚነጥቀን ነገር አለ፤ ይህ ሲነገር ብዙም አይሰማም። ሰማዩ በሚፈነዳበት ቅጽበት መጋረጃው በሰከንድ ውስጥ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ጨረሮቹ ከጫፍ ጫፍ ይሮጣሉ። አሥር ሰከንድ ያጠራቀመ ፎቶ ይህን ሁሉ አደባልቆ አንድ ለስላሳ አረንጓዴ ጭጋግ ያደርገዋል። ካሜራ ቀለም ይጨምርልናል፤ እንቅስቃሴውን ግን ይወስድብናል። ብርሃኑን አይቶ የማያውቅ ሰው በፎቶ ሊገምተው የማይችለው ይህን እንቅስቃሴ ነው። በእኔ እምነት እስከዚያ ድረስ የሚያስኬደውም እሱ እንጂ ቀለሙ አይደለም።

አንድ ጥሩ ሌሊት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይጀምራል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ደብዛዛ ቅስት ይታያል፤ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ የታችኛው ጠርዙ ይደምቃል። ቅስቱ ይጠማዘዛል፤ ቀጥ ያሉ ጨረሮች ከውስጡ ይቆማሉ፤ ወደ አናት ሲደርሱ ሁሉም ከአንድ ነጥብ የሚፈልቁ ይመስላሉ። በረዶው ራሱ አረንጓዴ ይሆናል። ይህ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃዎች አያልፍም። በኋላ መጋረጃው ይበታተንና ብልጭ ድርግም የሚሉ ብጥስጣሽ ብርሃኖች በሰማዩ ላይ ይቀራሉ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ "አለቀ" ብሎ ወደ መኪናው ይገባል። የመግነጢሳዊው መስክ ጅራት ግን እንደገና ኃይል ማጠራቀም ይጀምራል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ያው ትርኢት ሊደገም ይችላል።

ለዓይን ደግሞ ጨለማን መልመድ ያስፈልገዋል፤ ይህም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። አንድ ጊዜ የስልክ ስክሪን መመልከት ያን ሁሉ ያጠፋዋል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ቀይ መብራት ያለው የግንባር ባትሪ የሚጠቀሙት፣ የካሜራቸውንም ስክሪን ብርሃን እስከ ታች የሚቀንሱት ለዚህ ነው።

በሰሜን ጫፍ ብቻ የሚታየው ለምንድን ነው? ኢትዮጵያስ?

ብርሃኑ የሚወርደው በዋልታው ላይ ሳይሆን በዋልታው ዙሪያ በሚገኝ ቀለበት መሰል ቀጣና ላይ ነው። የቀለበቱ መሐል የካርታው ሰሜን ዋልታ ሳይሆን የመግነጢሱ ዋልታ ነው፤ እሱም ወደ ሰሜን አሜሪካ ያጋደለ ነው። ካልጋሪና ለንደን ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ በካልጋሪ የሚኖር ሰው ብርሃኑን ከለንደን ነዋሪ እጅግ ደጋግሞ የሚያየው ለዚህ ነው። በሚኒያፖሊስና በኤድመንተን ያሉ ወገኖቻችንም ኖርዌይ ድረስ ሳይጓዙ፣ ከከተማ መብራት ብቻ ርቀው ሊያዩት የሚችሉበት ሌሊት አለ። የሰሜን ኖርዌይዋ ትሮምሶ፣ የስዊድኖቹ ኪሩናና አቢስኮ፣ የአላስካዋ ፌርባንክስና የካናዳዋ የሎውናይፍ ግን ከቀለበቱ ሥር ወይም ከጎኑ ያሉ ናቸው። በእነዚህ ስፍራዎች ማዕበል መጠበቅ አያስፈልግም።

ኢትዮጵያ የተቀመጠችው በተቃራኒው ጫፍ፣ በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ ነው። በነፃነት የተንጠለጠለች የኮምፓስ መርፌ በትሮምሶ ወደ መሬት ተዘቅዝቃ ቀጥ ብላ ልትቆም ጥቂት ነው የሚቀራት፤ በአዲስ አበባ ግን አግድም ትተኛለች። የመግነጢስ መስመሮቹ በእኛ ሰማይ ላይ አግድም ስለሚያልፉ ኤሌክትሮኖቹ ተከትለውት የሚወርዱበት መንገድ የለም። ስለዚህ የሰሜን ብርሃን በኢትዮጵያ አይታይም።

ይህ ማለት ግን ሰማያችን ከዚህ ጉዳይ ነፃ ነው ማለት አይደለም። አረንጓዴው ብርሃን በሰሜን በሚፈጠርበት በዚያው በ100 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ፣ በመግነጢሳዊው ወገብ ዙሪያ በየቀኑ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። አይበራም፤ በመሣሪያ ግን ይለካል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመግነጢሱን ለውጥ ሲመዘግብ ቆይቷል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በዚሁ የላይኛው ከባቢ አየር ላይ ይሠራሉ። ትልቅ ማዕበል ሲመጣ የጂፒኤስ ምልክት በእኛም አካባቢ ይዛባል። ኖርዌይ ብርሃኑን ታያለች፤ እኛ መዛባቱን እንለካለን።

መቼና የት መሄድ ይሻላል?

በትሮምሶ ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጨረሻ ግድም ፀሐይ አትጠልቅም፤ ብርሃኑ ሰማይ ላይ ቢኖርም አይታይም። የሚታይበት ወቅት ከሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከ ማርች መጨረሻ ወይም እስከ ኤፕሪል የመጀመሪያ ቀናት ነው። ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ደግሞ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። ሴፕቴምበርና ማርች ሌላም በጎ ነገር አላቸው፤ በእነዚህ ወራት የምድርና የፀሐይ ነፋስ መግነጢስ በቀላሉ የሚገጣጠምበት አቀማመጥ ስለሚኖር ማዕበል ይበዛል።

ዋናው ጠላት ግን ደመና ነው። ብርሃኑ በ100 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ደመናው በሁለትና በሦስት ኪሎ ሜትር። ፀሐይ የፈለገችውን ያህል ብትቆጣ ደመናው ከተዘጋ ምንም አይታይም። ትሮምሶ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቃት ውኃ የጃንዋሪ ቅዝቃዜዋን ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪዎች ላይ ያቆምላታል። ይኸው ውኃ ግን ደመናና በረዶ ያመጣባታል። የከተማዋ አስጎብኚዎች ጎብኚዎቻቸውን ጭነው ተራሮቹን ተሻግረው ወደ ውስጥ፣ አንዳንዴም የፊንላንድን ድንበር አልፈው እስከ ኪልፒስያርቪ የሚነዱት የጠራ ሰማይ ፍለጋ ነው። ጎብኚው የሚከፍለው ለብርሃኑ ይመስለዋል፤ በእርግጥ የሚከፍለው የደመናን ካርታ ማንበብ ለሚችል ሾፌር ነው።

አቢስኮ የተወደደችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከባሕሩ የሚመጣውን እርጥበት በምዕራብ በኩል ያሉት ተራሮች ስለሚያራግፉት በስዊድን አነስተኛ ዝናብ ከሚጥልባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት። ቶርነትረስክ ከተባለው ትልቅ ሐይቅ በላይ ያለው ሰማይ ዙሪያው ደምኖ እንኳን ብዙ ጊዜ ክፍት ሆኖ ይገኛል። ፌርባንክስና የሎውናይፍም ከባሕር የራቁ በመሆናቸው የጠራ ሌሊት አያጡም፤ ዋጋው ግን ከዜሮ በታች 25 ዲግሪና ከዚያም በላይ የሚወርድ ብርድ ነው።

ትንበያውን ማመን ይቻላል?

በመተግበሪያዎች ላይ የሚታየው ቁጥር ኬፒ ይባላል። ከ0 እስከ 9 የሚሄድ ሲሆን በየሦስት ሰዓቱ የመላው ምድር መግነጢስ ምን ያህል እንደተናወጠ ይገልጻል። ስለ አንድ ከተማ ሰማይ የሚናገረው ነገር የለም፤ ስለ ደመናም አያውቅም። ኬፒ 6 ወይም 7 ለሚኒያፖሊስ ትልቅ ዜና ነው። ለትሮምሶ ግን ኬፒ 2 ይበቃል፤ በኬፒ 1 እንኳን ውብ ቅስት ይታያል። "ዛሬ ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው" ብሎ በጠራ ሌሊት ሆቴል ውስጥ መተኛት ከሁሉ የከፋው ውሳኔ ነው።

የቀናት ትንበያ ለምን ይሳሳታል? ከፀሐይ የተወረወረው ቁስ መቼ እንደሚደርስ በግምት ይታወቃል። ወሳኙ ነገር ግን ቁሱ ይዞት የሚመጣው መግነጢስ አቅጣጫ ነው። ወደ ደቡብ ካመለከተ ከምድር መስክ ጋር ይገጣጠምና ኃይሉን ያስገባል፤ ወደ ሰሜን ካመለከተ በሩ ይዘጋል። ይህን አቅጣጫ አስቀድመን የምንለካው ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ በፀሐይ አቅጣጫ በቆሙ መንኮራኩሮች ብቻ ነው። ከነሱ እስከ እኛ ያለውን መንገድ የፀሐይ ነፋስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በሚሆን ጊዜ ይጨርሰዋል። እርግጠኛ ማስጠንቀቂያ ማለት እንግዲህ ይህችው ናት። "ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ሌሊት ይታያል" የሚል ማስታወቂያ ካጋጠመዎት አይመኑት።

እንዴት ነው ፎቶ የሚነሳው?

በፎቶግራፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘው በ1892 ሲሆን ያነሳውም ጀርመናዊው ማርቲን ብሬንደል በአልታ ቦሴኮፕ ነው፤ ምስሉ ደብዛዛ ነበር። ከእሱ በኋላ ኖርዌያዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ስቶርመር ፎቶን የመለኪያ መሣሪያ አደረገው። በስልክ የሚነጋገሩ ሁለት ካሜራዎችን በኪሎ ሜትሮች አራርቆ አንድን ብርሃን በአንድ ቅጽበት አስነሳ፤ ከከዋክብቱ አንጻር በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ያለውን ልዩነት አስልቶም የብርሃኑን ከፍታ ለካ። ከላይ የጠቀስነው የ100 ኪሎ ሜትር ቁጥር የተረጋገጠው በዚህ መንገድ ነው።

ዛሬ ነገሩ ቀላል ሆኗል፤ ቢሆንም ካሜራው ሁሉን በራሱ እንዲያደርግ መተው አይሠራም። ማስተካከያው በእጅ መሆን አለበት። ካሜራው በጠንካራ ትራይፖድ ላይ ይቀመጥ። ሰፊ ሌንስ፣ ከ14 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ያለው፣ ተመራጭ ነው። የሌንሱ ቀዳዳ እስከሚችለው ይከፈት፤ ኤፍ 2.8 ወይም ከዚያ የሰፋ ቢሆን ጥሩ ነው። አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ከ1600 እስከ 3200። ጊዜውን የሚወስነው ብርሃኑ ነው፤ ለደብዛዛ ቅስት ከ8 እስከ 15 ሰከንድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ መጋረጃው መሮጥ ሲጀምር ግን ወደ 2 ወይም 3 ሰከንድ ማውረድ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ያ የተናገርነው ጭጋግ ይወጣል። ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ በመጀመሪያው ቅስት ያስተካከሉትን ሳይለውጡ ትልቁን ትርኢት ያነሱታል፤ ፎቶውም በብርሃን ይቃጠላል።

ሁለተኛው ችግር ፎከስ ነው። በጨለማ የካሜራው አውቶማቲክ ፎከስ አይሠራም። ወደ እጅ ቀይረው አንድ ደማቅ ኮከብ በስክሪኑ ላይ አጉልተው ኮከቡ ትንሽ ነጥብ እስኪሆን ቀለበቱን ያዙሩ፤ ከዚያም ቀለበቱን በፕላስተር ያሽጉት፤ በጓንት ሲነካ በቀላሉ ይዞራልና። ሌንሱ ፊት ላይ የተገጠመ መከላከያ ፊልተር ካለ ይነሳ፤ አረንጓዴው ብርሃን በጠፍጣፋው መስታወት ሁለት ገጾች መካከል ሲመላለስ በፎቶው መሐል ክብ ክብ ቀለበቶች ይፈጥራል፤ እነሱን በኋላ ማጥፋት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ፎቶው በጥሬ ፋይል (RAW) ቢቀመጥ ቀለሙን በኋላ ለማረም ይመቻል፤ ሲያርሙ ግን ሰማዩ ያልነበረውን ቀለም እስኪይዝ ድረስ መጎተት የለብዎትም። የቀጣዩን ተጓዥ ቅሬታ የሚፈጥረው ይኸው ከመጠን ያለፈ ፎቶ ነው።

ብርዱ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ባትሪ በውርጭ ቶሎ ይደክማል፤ ትርፉን በውስጥ ኪስ፣ ከሰውነት አጠገብ ያኑሩት። የደከመው ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ያገግማል። የሚተነፍሱት ትንፋሽ ሌንሱን ከነካው ወዲያው በረዶ ይሠራበታል፤ እሱን በጨርቅ ማሸት መስታወቱን ይጎዳል። ከሁሉ የሚረሳው ወደ ቤት ሲገቡ ነው። የበረደ ካሜራ ሞቃት ክፍል ሲገባ እርጥበት በውስጡም በውጭውም ይንጠባጠብበታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ገና ውጭ ሳሉ ካሜራውን ከነቦርሳው በፕላስቲክ ከረጢት አሽገው ማስገባትና የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ለሰዓታት ሳይከፍቱ መተው። ፎቶውን ለማየት የሚቸኩሉ ከሆነ ካርዱን አስቀድመው ያውጡት።

ስልክ ብቻ ያለው ሰውም ባዶ እጁን አይመለስም። የሌሊት ፎቶ ማንሻውን ከፍቶ፣ ፍላሹን አጥፍቶ፣ ስልኩን በትንሽ ማቆሚያ ወይም በድንጋይ ላይ አስደግፎ ጥቂት ሰከንድ መጠበቅ ይበቃል። ያ የሚታየው ነገር ደመና ነው ወይስ ብርሃኑ የሚለውን ጥርጣሬ ለመፍታትም ስልክ ሁነኛ ዳኛ ነው፤ ብርሃኑ ከሆነ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል።

መኪና ይዘው የሚሄዱ ሰዎች በመንገዱ ዳር ሳይሆን በማቆሚያ ስፍራ ብቻ ይቁሙ። በኖርዌይ እያንዳንዱ መኪና ውስጥ አንጸባራቂ ሰደርያ መኖር ግዴታ ነው፤ ይልበሱት። በረዷማ መንገድ ላይ ሰማይ ሰማይ እያየ የሚነዳ ሰው ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው።

ይጎዳል? ድምፅስ አለው?

ከሥሩ ለቆመ ሰው ምንም ጉዳት የለውም። ሳሚዎች፣ የዚያ ምድር ነባር ሕዝቦች፣ ልጆቻቸውን ወደ ብርሃኑ እንዳያፏጩ ያስጠነቅቁ ነበር፤ ያፏጨን ሰው ብርሃኑ ይወስደዋል ይባላልና። ጉዳቱ ያለው በመሣሪያ ላይ ነው። በሴፕቴምበር 1859 በደረሰው ታላቅ ማዕበል ብርሃኑ እስከ ኩባ ታይቷል፤ የቴሌግራፍ ሠራተኞች ባትሪያቸውን ነቅለው ከሰማይ በመጣው ጅረት ብቻ መልእክት ተለዋውጠዋል። በማርች 1989 የካናዳዋ ኩቤክ የኃይል መረብ ወድቆ ስድስት ሚሊዮን ሕዝብ ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ያለ መብራት ቀርቷል።

ስለ ድምፁ የሚነገረው ለረጅም ጊዜ እንደ ተረት ይቆጠር ነበር። የፊንላንዱ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኡንቶ ላይነ ግን ፀጥ ባሉ ብርዳማ ሌሊቶች እንደ ጭብጨባ ያሉ ድምፆችን ቀርጾ ከ70 ሜትር ግድም ከፍታ እንደሚመጡ ለክቷል። ድምፁ ከብርሃኑ የወጣ አይደለም፤ የመግነጢሱ መናወጥ ከመሬት አጠገብ ባለው አየር የታቆረውን የኤሌክትሪክ ሙል ሲያራግፍ የሚሰማ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል።

ጊዜው አልፏል?

ፀሐይ በ11 ዓመት ግድም አንድ ጊዜ ትበረታለች፣ አንድ ጊዜ ትረጋለች። ናሳና የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር በኦክቶበር 2024 ፀሐይ የብርታቷ ወቅት ላይ መድረሷን አስታውቀዋል። "እንግዲህ አመለጠን" የሚሉ ሰዎች ግን አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ብርቱ ማዕበሎች ከከፍታው በኋላ ባሉት ዓመታትም ይመጣሉ። የኦክቶበር 2003 ማዕበል የስዊድንን ማልሞ ከተማ መብራት ሲያጠፋ ፀሐይ ከብርታቷ መውረድ ከጀመረች ዓመት አልፏት ነበር።

ይህ ሁሉ የሚያሳስበው ግን በሚኒሶታ፣ በጀርመን ወይም በእንግሊዝ ሆኖ ለሚጠብቅ ሰው ነው። በትሮምሶ ወይም በአቢስኮ ቀለበቱ ፀሐይ በተረጋችበትም ዓመት ከአናት በላይ ነው። እዚያ የሚጎድለው የጠራ ሰማይ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ሌሊት ሄዶ ዕድልን ከመሞከር፣ በአንድ ጉዞ አራት ወይም አምስት ሌሊት መያዝና በየምሽቱ ከፀሐይ ትንበያ በፊት የደመናውን ካርታ መክፈት ይሻላል።